በራሳቸው ፎቶ 120 ዶላር የተጠየቁት ፎቶ አንሺ

ነገሩ የተነሳው በአንድ ደብዳቤ ነው። ጊዜው ዲሴምበር 2015። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ታሪኩ የእነሱ ነውና።) ካሮል ሃይስሚዝ ለሚባሉ አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። የላከው ለፎቶ ሻጭ ድርጅቶች ክፍያ የሚያሳድድ ኩባንያ ነው። መልእክቱ ሲጨመቅ ይህ ነበር፦ ድረ ገጻችሁ ላይ ያለ ፈቃድ የለጠፋችሁት ፎቶ አለ፤ 120 ዶላር ክፈሉ።

ፎቶውን ያነሱት ራሳቸው ወይዘሮ ካሮል ናቸው።

ድረ ገጹም የራሳቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት ንብረት ነው። ሳሎንህ ቁጭ ብለህ ቡና እየጠጣህ የማታውቀው ሰው በር አንኳኩቶ "የዚህን ወር ኪራይ" ቢልህ ምን ትላለህ? በዚያ ላይ ወይዘሮዋ ያንን ፎቶ ለማንም ሰው በነፃ ካስረከቡት ቆይተዋል። ለእኔም፣ ለአንተም፣ ደብዳቤውን ለላከው ኩባንያም ጭምር። ነገሩን የሚያወሳስበው ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ናት።

እንግዲህ ፎቶው የማነው? "የሁሉም" ብሎ መገላገል ይቻላል። ግን "የሁሉም" የሚለው ቃል በሕግ ዓይን ሲታይ ብዙዎቻችን ከምናስበው ለየት ይላል። እሱን ለመረዳት ከሴትዮዋ ጋር ትንሽ መንገድ መሄድ አለብን። እሳቸውም መንገድ ይወዳሉ።

የዊላርድ ፍርስራሽ

ዲሲ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ዊላርድ ሆቴልን አያጣውም። ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ፣ ከኋይት ሀውስ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ "ሕልም አለኝ" የተባለውን የ1963 ንግግሩን አስተካክሎ የጨረሰው እዚያ አርፎ ነው። ዛሬ ሲያዩት ተዘግቶ ያውቃል ብሎ የሚገምት የለም። ግን ከ1968 እስከ 1986 ድረስ ዝግ ነበር። ቀለሙ ተላልጦ፣ ጌጡ ረግፎ፣ ይፍረስ አይፍረስ የሚል ክርክር ሲካሄድበት ኖሯል።

ወይዘሮ ካሮል በዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ አልነበሩም። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ማስታወቂያ ይሸጡ ነበር። የፎቶ ትምህርት መማር ጀምረው ለልምምድ የሚሆን ቦታ ሲፈልጉ ዊላርድን አገኙ። የተዘጋውን ሆቴል ፍርስራሽ ከነአቧራው አነሱት። በኋላ እድሳቱ ሲጀመር ደግሞ ሥራውን እየተከታተሉ ቀረጹ።

እዚያ ሳሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ባለሙያዎቹ ጌጡን እንደ ድሮው ለመመለስ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ነበረባቸው። ትልቅ እገዛ ያደረገላቸው ፍራንሲስ ቤንጃሚን ጆንስተን የተባለች ፎቶ አንሺ በ1901 ያነሳቻቸው ሥዕሎች ናቸው። ያኔ ሕንፃው ገና አዲስ ነበር። ጆንስተን ሥራዎቿን ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥታለች። ባትሰጥ ኖሮ አንዱ ዘመድ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከአሮጌ ጫማ ጋር በካርቶን ታጭቀው ይቀሩ ነበር። የብዙ ፎቶ አንሺ ዕጣ ይኸው ነው። የእኛ አገር የቆዩ ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ የት እንደገባ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ወይዘሮ ካሮልም የጆንስተንን መንገድ ያዙ። በ1991 ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር የስጦታ ሰነድ ፈረሙ። ሰነዱ ውስጥ ያለው ቁም ነገር የፎቶዎቹን መብት፣ የቅጂ መብቱን ጨምሮ፣ በመላው ዓለም ለሕዝብ መልቀቃቸው ነው። "ለቤተ መጻሕፍቱ" አይልም። "ለሕዝብ" ነው የሚለው። ይቺን ቃል ያዟት።

መኪና፣ ካሜራ፣ ሃምሳ ግዛት

ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው መንገድ ላይ ሆነ። ባለቤታቸው ቴድ ላንድፌር የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያነሱ እሱ ይጽፋል። ሃምሳውንም ግዛቶች ያዳረሰ ሥራ ነው። ዓላማው ከ100,000 በላይ ፎቶ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስረከብ ነው። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ አንድ ግዛት እየያዙ በጥልቀት መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ አላባማ። ከዚያ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ዋዮሚንግ፣ ኮሎራዶ እያለ ይቀጥላል።

"ወጪውን ማን ይችላል?" የሚለው ጥያቄ ቀድሞ የሚመጣበት አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለግዛቶቹ ጉዞ በአብዛኛው የሚከፍሉት ባለሀብቶችና የቤተሰብ ፋውንዴሽኖች ናቸው። የቴክሳሱ፣ የካሊፎርኒያው፣ የአላባማው ስብስብ በለጋሽ ስም የሚጠራው ለዚህ ነው። ለጋሹ ስሙ ይጻፍለታል፤ ፎቶው የሁሉም ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ስታሠራ የደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ስምህ እንደሚሰፍረው ማለት ነው፤ ደጀ ሰላሙ ግን የምእመኑ ነው።

ምን ያነሳሉ? በቅድሚያ ሰው "ይሄ ደግሞ ምኑ ይነሳል" የሚለውን። ቴክሳስ አማሪሎ አጠገብ አሥር ካዲላክ መኪናዎች አፍንጫቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው በሰልፍ ቆመዋል። ከ1974 ጀምሮ እዚያው አካባቢ ናቸው። መንገደኛ ሁሉ በቀለም ይሞነጫጭራቸዋል። ትናንት ቀይ የነበረው ዛሬ ወይን ጠጅ ነው። ስለዚህ የካዲላኮቹ ፎቶ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ያ መልክ ተመልሶ አይመጣም። ዋዮሚንግ ላይ ጥጃ ተይዞ ምልክት ሲተኮስ፣ የተዘጋ ሞቴል፣ አምፖሉ ግማሽ በግማሽ የተቃጠለ የኒዮን ጽሑፍ፣ ሮዲዮ፣ ገበያ፣ ጎተራ። ይህ ሁሉ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈለግ መሆኑን ዊላርድ አስተምሯቸዋል።

ሌላው የጉዞው ግማሽ የመንግሥት ሕንፃ ነው። ይሄኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የመንግሥት ሕንፃ ለምን ፎቶ ይነሳል?

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1949 የተቋቋመ አንድ መሥሪያ ቤት አለው። ጄኔራል ሰርቪስስ አድሚኒስትሬሽን ይባላል። በእኛ አፍ ብንጠራው የመንግሥት ቤቶች አከራይ፣ ጠባቂና ጠጋኝ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ ቢሮዎች፣ የድሮ የጉምሩክ ሕንፃዎች በእሱ እጅ ናቸው። ወይዘሮ ካሮል ለዚህ መሥሪያ ቤት በርካታ ሕንፃዎችን ከውጭም ከውስጥም አንስተዋል።

ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። አንደኛው ነገር ሰነድ ነው። ጣሪያው ቢቃጠል፣ እድሳት ቢመጣ፣ ቀድሞ ምን እንደነበር የሚናገር ማስረጃ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ዊላርድ በለው።

ሁለተኛው ነገር ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ነው። በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የሩዝቬልት መንግሥት ለሠዓሊዎች ሥራ ሰጠ። ከ1934 እስከ 1943 ባለው ጊዜ ከአንድ ሺህ በላይ ፖስታ ቤቶችና የፌዴራል ሕንፃዎች የግድግዳ ሥዕል አገኙ። አንድ ገበሬ ቴምብር ሊገዛ ገብቶ ቀና ሲል የራሱን ማሳ፣ የራሱን መከር፣ የአያቱን ጋሪ ያያል። በኋላ ዘመንም አዲስ የፌዴራል ሕንፃ ሲሠራ ከግንባታ ወጪው ቢያንስ ግማሽ በመቶ ያህሉ ለሥነ ጥበብ ሲመደብ ቆይቷል። ይህ ሁሉ በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተገዛ ነው። ግን ኔብራስካ ያለውን የፖስታ ቤት ሥዕል የፍሎሪዳው ግብር ከፋይ መቼ ያየዋል? ፎቶ ሲነሳና ኢንተርኔት ላይ ሲለጠፍ ያየዋል።

እነዚህን ሕንፃዎች ብዙ ሐበሻ ሳያውቀው ያውቃቸዋል። አሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚምለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ቀኝ እጁን ሲያነሳ ከጀርባው ያለው እብነ በረድ፣ ያ ትልቅ ንስር፣ ያ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ያ ነው። ያኔ ግን ማን ጣሪያ ያያል? ሁሉም ሰው ፎርሙን እንዳይጥል ነው የሚጨነቀው።

ሕንፃ ማንሳት ሲታይ ቀላል ነው፤ ሕንፃው አይንቀሳቀስ፣ ዓይኑን አይጨፍን። በስልክህ ሞክረው። ከታች ወደ ላይ አቅንተህ ስታነሳ ሕንፃው ወደ ኋላ ሊወድቅ ያለ ይመስላል፤ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ባለሙያ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ያንሸራትታል። ያኔ ምሰሶው ምሰሶ ይሆናል። ከዚያ ብርሃን ይጠብቃል። ከዚያ በሩ ላይ የቆመው የዕቃ መኪና እስኪሄድ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚያደክመው ይኸው መጠበቁ ነው ይላል ሥራውን የሚያውቅ።

ከወይዘሮ ካሮል በፊት

መንግሥትን፣ መንገድንና ካሜራን አንድ ላይ ያገናኙት እሳቸው የመጀመሪያዋ አይደሉም። ከ1935 እስከ 1943 ሮይ ስትራይከር የሚባል ሰው የሚመራው አንድ የመንግሥት ክፍል ፎቶ አንሺዎችን ቀጥሮ በመላው አገሪቱ አሰማርቶ ነበር። 175,000 ያህል ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ተርፏል። ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳቻት፣ ልጆቿ አንገቷ ሥር ተሸጉጠው ራቅ ብላ የምታየው የድሃ እናት ፎቶ የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ የማልረሳው ሌላ ነው። በ1942 ጎርደን ፓርክስ የተባለ ወጣት ጥቁር ፎቶ አንሺ ወደ ዋሽንግተን መጣ። እዚያው መሥሪያ ቤቱ በነበረበት ሕንፃ ውስጥ ወለል የምትወለውል ኤላ ዋትሰን የምትባል ሴት ነበረች። ፓርክስ ግድግዳውን ከሞላው የአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቆማት። በአንድ ጎኗ መጥረጊያ፣ በሌላው መወልወያ። ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ ለብሳ በዝምታ ቆማለች። ስለ መንግሥት ሕንፃ ከተነሱት ፎቶዎች ሁሉ ይሄ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ምሰሶም፣ ንስርም የለበትም። ያለችው ማታ ማታ የምታጸዳው ሴት ናት።

ይህንን ፎቶ ዛሬ ማንም ሰው አውርዶ ማተም ይችላል። ለምን? እዚህ ላይ ወደ ሕጉ እንግባ።

"የሁሉም" የሚሆነው እንዴት ነው?

በአሜሪካ ሕግ አንድ ፎቶ ባለቤት አልባ፣ ወይም ሁሉም ባለቤት የሚሆንበት፣ ዋና ዋና መንገድ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው፣ ሲወለድም ነፃ ሆኖ የተወለደ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የፈጠረው ነገር የቅጂ መብት የለውም። ጠፈርተኛ ጨረቃ ላይ ያነሳው ፎቶ ነፃ የሆነው ለዚህ ነው። የስትራይከር ቡድን ፎቶዎችም እንደዚያው። ልብ በሉ፦ ሠራተኛ ነው ያልኩት። ኮንትራት ወስዶ ለመንግሥት ያነሳ የግል ባለሙያ በራሱ በሕጉ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የእሱ ነገር የሚታየው በውሉ ነው። "ቅርንጫፍ መንግሥት" የሆኑት ግዛቶችና ከተሞችም በዚህ ደንብ አይጠቃለሉም። "መንግሥት ነው የለጠፈው፣ ስለዚህ ነፃ ነው" ብሎ ነገር የለም።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ የታተመ የቆየ ሥራ ከታተመ 95 ዓመት ካለፈው መብቱ ያበቃል።

ሦስተኛው ስጦታ ነው። ባለቤቱ ራሱ "በቃኝ፣ የሕዝብ ይሁን" ሲል። የወይዘሮ ካሮል ይህ ነው።

ስጦታ ስንል ደግሞ ከአንድ ሌላ ነገር ጋር ይምታታል። ኢንተርኔት ላይ "ስሜን ጠቅሰህ በነፃ ተጠቀም" የሚሉ ፎቶዎች አሉ። እነዚያ የሁሉም አይደሉም። ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ስሙን ካልጠቀስክ ቅድመ ሁኔታውን አፈረስክ፤ ሊከስህ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ የተለቀቀ ፎቶ ግን ቅድመ ሁኔታም የለው፣ ከሳሽም የለው። "ስሜን እባካችሁ ጥቀሱልኝ" ማለት ይቻላል፤ ያ ግን ልመና ነው።

የምንጭ ውሃ አስቡ። መንደሩ አናት ላይ የሚፈልቅ። ማንም በእንስራ ይቀዳል፣ በጀሪካን ይቀዳል። አንድ ነጋዴ መጥቶ አሽጎ፣ ስም አውጥቶለት፣ ሱቅ ውስጥ ቢሸጠውስ? ይችላል። ምንጩ የእሱም ነው። ገዢ ካገኘ ማሸጊያውንና ድካሙን ሸጠ እንላለን። የማይችለው አንድ ነገር ነው፦ እንስራ ተሸክማ የምትመለሰዋን ሴት መንገድ ላይ አስቁሞ "ውሃዬን ቀድተሻል፣ ክፈዪ" ማለት። ያቺ ሴት ደግሞ ምንጩን ቆፍራ ያወጣችው ራሷ ብትሆን...

ክሱ

በጁላይ 2016 ወይዘሮ ካሮል ኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ተከሳሾቹ ጌቲ ኢሜጅስ፣ አላሚ የተባሉት የፎቶ ሻጮችና እንደዚያ ደብዳቤ ያሉ ሥራዎችን የሚሠሩላቸው ድርጅቶች ናቸው። ክሱ ላይ የተጠቀሱት የጌቲ ፎቶዎች ብዛት 18,755 ነው።

ጋዜጦቹ ያን ሰሞን "የአንድ ቢሊዮን ዶላር ክስ" እያሉ ጻፉ። ቁጥሩ ከየት መጣ? የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሥራ ላይ ሐሰተኛ የባለቤትነት መግለጫ ለሚለጥፍ ወይም እውነተኛውን ለሚያነሳ ሰው ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ2,500 እስከ 25,000 ዶላር ካሳ ይደነግጋል። 18,755ን በ25,000 አባዙት። 468,875,000 ዶላር። ያው ድርጅት ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ተመሳሳይ ጥፋት ተገኝቶበት ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በሦስት ሊያባዛው ይችላል። የከሳሽ ወገን በዚህ ስሌት ነው ከቢሊዮን በላይ የደረሰው። ማንም ሰው ቢሊዮን ዶላር እጁ ላይ አልነበረም፤ የወረቀት ላይ ሒሳብ ነው።

የወይዘሮ ካሮልን ክርክር በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ፎቶዬን ለምን ሸጣችሁ" አይደለም ዋናው። "የእኔን ስም አጥፍታችሁ፣ ባለመብት መስላችሁ፣ ነፃውን ነገር ነፃ እንዳልሆነ አድርጋችሁ አቀረባችሁ" ነው። ተከሳሾቹ በበኩላቸው የሕዝብ የሆነ ፎቶ ማከፋፈል በዘርፉ የተለመደ ነው፣ እሳቸውም መብታቸውን ለቅቀዋል ብለው ተከራከሩ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ዳኛ ጄድ ራኮፍ በፌዴራሉ የቅጂ መብት ሕግ ላይ የቆመውን የክሱን ክፍል ውድቅ አደረጉት። ከኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ጋር የተያያዘው ቀሪው ጉዳይ በስምምነት አለቀ። ማለትም ቢሊዮኑ በነነ።

አንዳንዱ "ፍርድ ገመደለ" ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ደስም አላለኝም። ስጦታው ሙሉ ስለነበር ነው የተጎዱት። በሩን ሲሰጡ ቁልፉንም አብረው ሰጥተዋል። ትንሽ ነገር ቢያስቀሩ፣ "ስሜን ጥቀሱ" የምትል አንዲት ቅድመ ሁኔታ ብቻ ቢያኖሩ፣ የሚቆሙበት መሬት ይኖራቸው ነበር። ግን ያኔ ስጦታው ያ ስጦታ አይሆንም። አንድ ኬንያዊ መምህር፣ አንድ የባሕር ዳር ጋዜጠኛ፣ አንድ ሆቴል የሚያድስ አናጢ ሳያስብበት ሊወስደው የሚችል ነገር አይሆንም። ፎቶ ሻጮቹ በማይገባ መንገድ ተጠቀሙበት የሚባለው ነገር እና ሌላው ዓለም በነፃ የሚጠቀምበት ነገር የሚገቡት በአንድ በር ነው።

ማንሳትስ ይፈቀዳል ወይ?

ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሳይጠይቅ አያልፍም። ካሜራ አውጥተህ አንድ ሕንፃ ፊት ቆም ስትል ከየት እንደመጣ የማታውቀው ጥበቃ "አንተ! ምንድን ነው የምታነሳው?" የሚልህ አገር ልጆች ነን። ስልኩን አሳይ፣ አጥፋው፣ መታወቂያህስ?

አሜሪካም ቢሆን ከዚህ የጸዳ አልነበረም። በ2009 ማንሃተን ፌዴራል ፍርድ ቤት በር ላይ ቪዲዮ ሲቀርጽ የነበረ ሰው ታሰረ። እሱም ከሰሰ። በ2010 መንግሥት በስምምነት ጨረሰውና ለጥበቃዎቹ መመሪያ አወረደ፦ ሰው ከሚመላለስበት ክፍት ቦታ ሆኖ የፌዴራል ሕንፃን ውጫዊ ክፍል ማንሳት የሚከለክል ጠቅላላ ደንብ የለም። ጥበቃው ሊጠይቅህ ይችላል፤ ካሜራ ስለያዝክ ብቻ ግን አያስርህም።

ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለያል። መግቢያና ኮሪደር ለዜና ሥራ ይፈቀዳል። ቢሮዎች ውስጥ መሥሪያ ቤቱን ማስፈቀድ አለብህ፤ ለንግድ ከሆነ ፈቃዱ በጽሑፍ ነው። የፌዴራል ወንጀል ችሎት ላይ ደግሞ ካሜራ ከ1946 ጀምሮ ክልክል ነው። ዜና ላይ የምናያቸው በእርሳስና በቀለም የተሳሉ ተከሳሾች የዚህ ውጤት ናቸው። ወይዘሮ ካሮል ባዶ ችሎት ነው የሚያነሱት። ወንበሮቹ ብቻ።

ነፃ ፎቶ ውስጥ ያለ ነፃ ያልሆነ ነገር

አሁን የሚያስቸግረው ክፍል ደረሰ። ፎቶው ነፃ ሆኖ ፎቶው ውስጥ ያለው ነገር ነፃ ላይሆን ይችላል።

ሕንፃ ከሆነ ችግር የለም። አዳዲስ ሕንፃዎች የአርክቴክት መብት ቢኖርባቸውም ከሕዝብ ቦታ የሚታይ ሕንፃን ፎቶ ማንሳት በአሜሪካ ሕግ ተፈቅዷል። ሐውልት ግን ሌላ ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። አሥራ ዘጠኝ የብረት ወታደሮች የዝናብ ልብስ ደርበው በቁጥቋጦ መካከል ይራመዳሉ። አጠገባቸው ባለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ የተሳተፉ አገሮች ስም ተቀርጿል፤ ኢትዮጵያም አለች፣ ስለ ቃኘው ልጆች። አንድ ሰው እነዚህን ወታደሮች በበረዶ ጊዜ አነሳቸው። ፖስታ ቤቱ ፎቶውን በ1,500 ዶላር ገዝቶ በ2003 ቴምብር አደረገው። የረሳው ሰው ነበር፦ ቀራጺው ፍራንክ ጌይሎርድ። መታሰቢያው በመንግሥት መሬት ላይ ቢቆምም የቅርጹ መብት የእሱ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2013 ፍርድ ቤቱ 684,844 ዶላር ከነሳንቲሙ ፈረደለት።

ፖስታ ቤቱ ከዚህ ተምሮ ይሆናል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሌላ ቴምብር ላይ የነፃነት ሐውልትን ፊት ለማውጣት ፈለገ። ከፎቶ ሻጭ አንድ ፎቶ መረጠ። ቴምብሩ ወጣ። ሐውልቷ ግን የኒው ዮርኳ አልነበረችም፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ቁማር ቤት በር ላይ የቆመችው ቅጂ ነበረች! ቀራጺዋም ያኔ በሕይወት ያለ ሰው ነበር። በ2018 ከ3.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደለት። የኒው ዮርኳ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናት ማንም አይጠይቅባትም። ፎቶው ላይ በጨረፍታ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ።

ሰውም እንዲሁ ነው። ገበያ ላይ የተነሳች ሴት ፎቶ ለጽሑፍ፣ ለመጽሐፍ፣ ለትምህርት ብታውለው ብዙም አያነጋግርም። የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ከለጠፍካት ግን የፊቷ ጉዳይ ይነሳል፤ ፎቶ አንሺው መብቱን መልቀቁ የእሷን አይለቅም።

እንዴት ይገኛል?

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የሥዕልና የፎቶ ክፍሉን ፈልጉ። በእንግሊዝኛ የሃይስሚዝን ስም ስትጽፉ ስብስባቸው ይመጣል። እያንዳንዱ ፎቶ ሥር መብትን የሚመለከት መስመር አለ። "ለኅትመት የሚታወቅ ገደብ የለም" የሚል ትርጉም ያለው ከሆነ ተገላገላችሁ። ቲፍ የሚባለው ትልቁ ፋይል ፓኬጅ ጨራሽ ነው፤ ለፌስቡክ ጄፔጉ ይበቃል። ስማቸውን ጥቀሱ። ግዴታ አይደለም፣ ከላይ ብለነዋል፤ ግን ጥቀሱ። አንድ ቀን የክፍያ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ ደግሞ ፎቶውን ከቤተ መጻሕፍቱ ማውረዳችሁን የሚያሳይ ሊንክ አስቀምጡ። ወይዘሮ ካሮልም ያዳናቸው የራሳቸው መሆኑን ማሳየታቸው ነው።

ከየት ልጀምር ለሚል አንድ ልጠቁም። ዋሽንግተን ኢንዲፔንደንስ ጎዳና ላይ ዊልበር ኮኸን የሚባል የፌዴራል ሕንፃ አለ። አማርኛ ዝግጅቱን ከ1982 ጀምሮ ያስተላልፍ የነበረው የአሜሪካ ድምፅ ቤቱ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት እዚያ ነበር። እኛ በአጭር ሞገድ ጆሯችንን ስንቀስር የነበረው ድምፅ ከዚያ ሕንፃ ነው የወጣው። ሕንፃው ግን መጀመሪያ የታነጸው ለሬዲዮ አልነበረም፤ ለጡረታና ለማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቤን ሻን የተባለው ሠዓሊ ኮሪደሩን በዚሁ ጉዳይ ሞላው። በአንዱ ግድግዳ ሥራ ያጡ ሰዎች፣ ያረጁ ሴቶች፣ ክራንች የያዘ ልጅ። ትይዩው ላይ ግንባታ፣ መከር፣ ቤተሰብ፣ ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች። ወይዘሮ ካሮል እነዚህን ሥዕሎች አንስተዋቸዋል።

በ2025 መጀመሪያ የወጣ ሕግ ሕንፃው እንዲሸጥ አዟል። ግድግዳ ደግሞ ከሕንፃው ጋር ነው የሚሸጠው። ትልቁን ፋይል ለአንድ ጊዜ አውርዱትና ወደ ልጁ አቅርባችሁ ተመልከቱት። የብሩሹ ጭረት ሳይቀር ይታያል።